«በቀን ስንት ሰዓት?» — በቃል የተነገረ የአካል እንቅስቃሴና የካንሰር ሥጋት ጥናት

በኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ክፍሎች በሚቀርቡ የማስተርስ ጥናቶች መጨረሻ ገደማ፣ «የጥናቱ ውስንነቶች» በሚለው ንዑስ ርእስ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር አይጠፋም፤ «የአካል እንቅስቃሴ መረጃው በተሳታፊዎች ቃል ላይ የተመሠረተ በመሆኑ የማስታወስ ስሕተት ሊኖርበት ይችላል»። ዓረፍተ ነገሩ ከጥናት ወደ ጥናት ሲሸጋገር ቃሉ እንኳ እምብዛም አይለወጥም። ከእርሱ በፊት ባሉት ገጾች ግን ያው መረጃ ያለ አንዳች ጥርጥር ተደምሯል፣ ተባዝቷል፣ «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» ተብሎ በሦስት ተከፍሏል፣ ኦድስ ሬሾም ተሰልቶለታል። ኑዛዜው የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ቀኖና የሌለው ንስሐ እንደማለት ነው። ስሕተቱ ካለ መጠኑ መገመት፣ ግምቱም በውጤቱ ሠንጠረዥ ውስጥ መግባት አለበት። ይህ ካልሆነ በእንቅስቃሴና በካንሰር መካከል ስላለው ዝምድና የሚሰጠው መደምደሚያ፣ «አለ» ቢልም «የለም» ቢልም፣ የሚቆምበት መሠረት የለውም።

ነገሩ በመስክ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ቃለ መጠይቅ ማሰብ ይበቃል። በአንድ የጡት ካንሰር ጥናት ለንጽጽር ከተመረጡት ሴቶች መካከል፣ ከእንጦጦ ደን ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ሽሮ ሜዳ እያወረዱ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ እንበል። ጠያቂዋ ቅጹን እያየች፣ «እማማ፣ በአንድ በተለመደ ሳምንት ውስጥ፣ ትንፋሽዎን በእጅጉ የሚያፋጥን ከባድ ሥራ፣ ቢያንስ ለዐሥር ደቂቃ ሳያቋርጡ፣ ስንት ቀን ይሠራሉ?» ትላለች። እናቲቱም «ልጄ፣ ሥራ ያልሠራሁበት ቀን መቼ አለና!» ይላሉ። «በቀን ስንት ሰዓት?» «ከንጋት እስከ ምሽት ነዋ።» ቅጹ ቁጥር ይፈልጋል። «ስምንት ሰዓት ልበለው?» ትላለች ጠያቂዋ። «በይው» ይላሉ። በዚህ ሁኔታ 480 ደቂቃ ይመዘገባል። ቁጥሩ የማስታወስ ውጤት አይደለም፤ የድርድር ውጤት ነው። ደጋፊውንና ዳገቱን፣ ሸክሙን አውርዶ የሚታረፍበትን ቦታ፣ ገዢ እየተጠበቀ ቁጭ የሚባልበትን ሰዓት ሁሉ በአንድ ጠቅልሎታል።

እዚህ ላይ የቋንቋው ጉዳይም አለ። በአማርኛ «ከባድ ሥራ» ሲባል በአድማጩ አእምሮ የሚመጣው የልብ ምት አይደለም፤ አድካሚነቱ፣ ክብደቱ፣ አንዳንዴም ኀላፊነቱ ነው። «የተለመደ ሳምንት» የሚለውም ቢሆን ለደመወዝተኛ እንጂ ለገበሬ የተበጀ ሐረግ አይደለም። የኅዳርና የታኅሣሥ አጨዳ ከነሐሴ አረም ጋር፣ ነሐሴም ከየካቲት ጋር አይመሳሰልም። በዚያ ላይ በብዙ የኦርቶዶክስ አማኞች አካባቢ በወሩ 12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም እየተባለ ሞፈርና ቀንበር የማይነካባቸው ቀናት አሉ። ሳምንቱ እነዚህ ቀናት የወደቁበት ወይም ያልወደቁበት መሆኑ ብቻ የተመላሹን ውጤት ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሊያሻግረው ይችላል።

የመጠይቆቹ ድክመት የተደበቀ ነገር አይደለም፤ ያዘጋጇቸው ሰዎች ራሳቸው አትመውታል። «አይፓክ» በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ መጠይቅ በ12 አገሮች ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የመመሳሰል ደረጃ 0.8 አካባቢ ነበር። ከአክሰለሮሜትር ጋር ሲነጻጸር ግን ተዛምዶው 0.30 ገደማ ብቻ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው «ጂፓክ» ደግሞ በዘጠኝ አገሮች ተፈትኗል፤ ከዘጠኙ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በ2009 የታተመው ውጤት ተመሳሳይ ነው፤ የድግግሞሽ መመሳሰሉ ከ0.67 እስከ 0.81፣ ከመለኪያ መሣሪያ ጋር ያለው ተዛምዶ ግን ከ0.06 እስከ 0.35። የማስተርስ ጥናቶች «መጠይቁ በአገራችን ተፈትኖ አስተማማኝነቱ ተረጋግጧል» ብለው ሲጠቅሱ ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። ይህ አስተማማኝነትን ከትክክለኛነት ጋር ማምታታት ነው። አንድ የቅቤ ነጋዴ ሚዛን ኪሎውን ሁልጊዜ ሰባት መቶ ግራም ቢያደርገው እጅግ የተረጋጋ ሚዛን ነው፤ ገዢን ግን ከመጉደል አያድነውም። የሰው ቃል ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ ለአንዱ ሲያጎድል ለሌላው ይጨምራል።

የጭማሬው ስፋት በተለይ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤናና የአመጋገብ ቅኝት ላይ ጎልቶ ታይቷል። በ2005 እና በ2006 በተሰበሰበው መረጃ፣ በቃላቸው ሲጠየቁ የእንቅስቃሴ መመሪያውን የሚያሟሉት ጎልማሶች 62 ከመቶ ነበሩ፤ በወገባቸው ላይ በታሰረው አክሰለሮሜትር ሲለኩ ወደ 9.6 ከመቶ ወረዱ። ይህን አይቶ «ሰው ይዋሻል» ማለት ይቀናል፤ ፍርዱ ግን የችኮላ ነው። መመሪያው ራሱ የተቀረጸው በአብዛኛው በቃል በተሰበሰበ መረጃ ላይ ቆሞ ነው። በአንድ ቁና የተሰፈረውን እህል በሌላ ቁና መልሶ ሰፍሮ «ጎደለ» ማለት የእህሉን ሳይሆን የቁናዎቹን ልዩነት መናገር ሊሆን ይችላል። በየሳምንቱ 150 ደቂቃ የሚለው ምክር በሰው ቃል የተለካ 150 ደቂቃ መሆኑን ተመራማሪዎች ራሳቸው ሲዘነጉት ይታያል።

ወደ ካንሰሩ እንምጣ። በ2016 የታተመው ታላቅ የጋራ ትንተና 12 የክትትል ጥናቶችን፣ 1.44 ሚሊዮን ሰዎችንና 26 የካንሰር ዓይነቶችን ያቀፈ ነበር። በትርፍ ጊዜያቸው ብዙ የሚንቀሳቀሱት በጣም ጥቂት ከሚንቀሳቀሱት ጋር ሲነጻጸሩ በ13ቱ ካንሰሮች ሥጋታቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ የምግብ ቧንቧ አዲኖካርሲኖማ 0.58፣ የትልቁ አንጀት 0.84፣ የጡት 0.90። መረጃው በሙሉ የተሰበሰበው በመጠይቅ ነው። ታዲያ 0.90 የሚለው ቁጥር የምን ቁጥር ነው? የእንቅስቃሴው ውጤት ነው ወይስ የእንቅስቃሴው ውጤት በመጠይቁ ጭጋግ ውስጥ ሲታይ?

የስታቲስቲክስ መጻሕፍት የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው። ስሕተቱ በዘፈቀደ የሚወድቅ፣ ከበሽታውም ጋር ግንኙነት የሌለው ከሆነ፣ የሚታየው ዝምድና ወደ ዜሮ ይደበዝዛል። የማደብዘዣው መጠን 0.3 ነው ቢባልና እንቅስቃሴ ሥጋቱን በእርግጥ በግማሽ የሚቀንስ ቢሆን፣ በመጠይቁ በኩል የሚታየው 0.81 ገደማ ነው። በተገላቢጦሽ፣ 0.84 ሆኖ የታየው የአንጀት ካንሰር ሥጋት በዚሁ ማደብዘዣ ወደ ኋላ ሲሰላ 0.56 ይሆናል። (ማደብዘዣው ለምሳሌ የተወሰደ ነው፤ የመጠይቁ ተዛምዶ 0.30 ስለሆነ ብቻ ማደብዘዣውም 0.3 ነው ማለት አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ሲሆኑ በጥናቶች ውስጥ መቀላቀላቸው የተለመደ ነው።) ከዚህ በመነሣት «ስሕተት ስላለ እውነተኛው ዝምድና ካገኘነው የበለጠ ጠንካራ ነው» የሚል አጽናኝ ዓረፍተ ነገር ይወለዳል። ድክመትን ወደ ብርታት ስለሚለውጥ ይወደዳል። ሊወደድ የሚገባው ግን በተባለው ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው፤ በአገራችን በብዛት በሚሠራው የኬዝ ኮንትሮል ጥናት ደግሞ ቅድመ ሁኔታው አብዛኛውን ጊዜ አይሟላም።

አይፓክ የሚጠይቀው ስላለፉት ሰባት ቀናት ነው። የካንሰር ሕክምና ላይ ያለች ሴት ያለፉት ሰባት ቀናት ምን ይነግሩናል? ድካሟን፣ ማቅለሽለሽዋን፣ ከሆስፒታል ወደ ማረፊያ ቤት መመላለሷን። ጤነኛዋ የንጽጽር ተሳታፊ ግን እንደወትሮዋ ገበያ ወጥታለች፣ እንጀራ ጋግራለች። የሁለቱ ልዩነት ኦድስ ሬሾ ሆኖ ሲወጣ «እንቅስቃሴ ከጡት ካንሰር ይከላከላል» ይባላል፤ የተለካው ግን ካንሰር እንቅስቃሴን መቀነሱ ነው። ይህ የማስታወስ ስሕተት ሊባል አይችልም፤ የተጠየቀው ጥያቄ ራሱ ሌላ ነው። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከተጀመረ ወዲህ የጡት ካንሰር በሴቶች ዘንድ ቀዳሚ መሆኑ በግልጽ ስለታወቀ፣ ስለ መንሥኤው የሚደረጉ ጥናቶች መብዛታቸው ተገቢ ነው። መጠይቁ ከቅኝት ሥራ ተነቅሎ ሲመጣ ግን የተሠራበት ዓላማ አብሮ መታየት ነበረበት። አይፓክም ጂፓክም የተሠሩት የአንድን ሕዝብ የእንቅስቃሴ ደረጃ ለመቃኘት እንጂ የዛሬ ሃያ ዓመት የነበረን ልማድ ከዛሬ ዕጢ ጋር ለማያያዝ አይደለም።

ጥያቄው ተስተካክሎ «ከመታመምዎ በፊት» ቢባል እንኳ አድልዎው አይጠፋም። የታመመ ሰው ለምን እንደታመመ ያስባል፤ ሲያስብም ያለፈ ሕይወቱን መልሶ ይተረጉማል። ተመላሾች መልካም ሆኖ ለመታየት ያላቸው ፍላጎትም በራሱ ቁጥሩን ያዛባል። በ2005 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ የሴቶች የኀይል ፍጆታ በሁለት ከባድ አይሶቶፖች ምልክት በተደረገበት ውሃ ተለክቶ ከቃላቸው ጋር ሲነጻጸር፣ በማኅበራዊ ተቀባይነት ፍላጎት መለኪያ ከፍ ያለ ውጤት ያገኙት ሴቶች እንቅስቃሴያቸውን አጋነው ተናግረዋል። ነጭ ጋወን የለበሰ ጠያቂ ፊት ይህ ፍላጎት ያንሳል ብሎ የሚያስብ አይኖርም። ከዚህ ሁሉ ጋር የስሕተት እርማት የማይፈታው ሌላ ችግር አለ። ከላይ በተጠቀሰው የ2016 ትንተና ብዙ በሚንቀሳቀሱት ዘንድ ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር 1.27 ሆኖ ተገኝቷል። ሩጫ ሜላኖማ አያመጣም፤ ከቤት ውጭ የሚሮጥ ሰው ግን ፀሐይ ያገኘዋል። ይህን ቁጥር በማደብዘዣ አካፍሎ ማጉላት የተሳሳተውን ነገር ማጉላት ነው።

ከመጠይቁ መልስ እስከ ሠንጠረዡ ባለው መንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ጨርሶ የሚወራለት አይደለም። የአይፓክ አጭር ቅጽ የመረጃ ማጽጃ ደንብ በቀን ከ180 ደቂቃ የሚበልጥ ማንኛውም የእንቅስቃሴ ዓይነት ወደ 180 እንዲቆረጥ ያዛል። ደንቡ የተጻፈው የተጋነነ መልስን ለመግታት ነው፤ ለቢሮ ሠራተኛ ምክንያታዊ ነው። ስምንት ሰዓት ሲያርስ የዋለ ገበሬ ግን በዚሁ ደንብ የሦስት ሰዓት ሰው ይሆናል፤ ሦስት ሰዓት ከሠራ ጎረቤቱም ጋር እኩል ይቆጠራል። ጂፓክ እንዲህ አይቆርጥም፤ በምትኩ ከባድ ሥራን በ8 ሜት ያባዛል። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን 480 ደቂቃ ያለ ሰው 23,040 ሜት-ደቂቃ ያገኛል። ከባድ ሥራ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ለሚሠራ ሰው «ከፍተኛ» የሚባለው ደረጃ የሚጀምረው ከ1,500 ነው። እንግዲህ የገጠሩ ተሳታፊ በሙሉ ከጣሪያው በላይ ተከማችቶ፣ በመካከሉ ያለው ልዩነት ሁሉ ጠፍቶ፣ «ከፍተኛ» በምትል አንዲት ቃል ሥር ይታጎራል። ከዚያ በኋላ «በእንቅስቃሴና በካንሰር መካከል ስታቲስቲካዊ ዝምድና አልተገኘም» ቢባል ምን ያስደንቃል? የ2016ቱ ትንተና የለካው የትርፍ ጊዜ እንቅስቃሴን ብቻ እንደነበረም ማስታወስ ይገባል። እንቅስቃሴው በእርሻ፣ በሸክምና በእግር መንገድ ላይ ለሚያልቅ ሕዝብ ያንን ውጤት እንዳለ መገልበጥ አይቻልም።

መፍትሔው መሣሪያ ነው የሚሉ አሉ፤ በከፊል ልክ ናቸው። የእንግሊዙ ዩኬ ባዮባንክ ከ2013 እስከ 2015 ከመቶ ሺህ በላይ በሚሆኑ ተሳታፊዎቹ አንጓ ላይ ለሰባት ቀናት አክሰለሮሜትር አስሯል። ከዚሁ መረጃ በ2025 የታተመ ጥናት 85,394 ሰዎችን ወስዶ፣ ከእንቅስቃሴ ጋር የተያያዙ 13 ካንሰሮችን በአንድነት ሲመለከት፣ ከአምስት እኩል ቡድኖች ብዙ የሚንቀሳቀሰው ጥቂት ከሚንቀሳቀሰው ይልቅ ሥጋቱ በ26 ከመቶ ዝቅ ብሎ አግኝቷል። ከዚያ በፊት በ2023 የወጣ ሌላ ትንተና፣ ስፖርት በማይሠሩ 22,398 ሰዎች ላይ፣ በዕለት ተዕለት ኑሮ መካከል የሚያጋጥሙ የአጭር ጊዜ ብርቱ እንቅስቃሴዎች፣ በቀን ተደምረው ከ3.4 እስከ 3.6 ደቂቃ ብቻ ቢሆኑ እንኳ፣ ከካንሰር ሥጋት መቀነስ ጋር መያያዛቸውን አሳይቷል። አውቶቡስ እንዳያመልጥ የሚሮጥባትን ያቺን ደቂቃ የትኛውም መጠይቅ አይዛትም፤ ማንም አያስታውሳትምና። በጂፓክ ቅጽ ላይ ያለው «ቢያንስ ለዐሥር ደቂቃ ሳያቋርጡ» የሚለው ሐረግም ከመጀመሪያው ያስወጣታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ የዐሥር ደቂቃውን ገደብ ትቶታል።

ይሁንና መሣሪያውን የመጨረሻ ዳኛ አድርጎ ማስቀመጥ ሌላ ስሕተት ነው። አክሰለሮሜትር የሚለካው የታሰረበትን አካል ፍጥነት ለውጥ እንጂ የተሸከሙትን ክብደት አይደለም። ሃያ ሊትር ውሃ ያዘለችና ባዶ እጇን የምትሄድ ሴት ዳገቱን በአንድ ፍጥነት ቢወጡ በወገብ ላይ ያለው መሣሪያ ከሞላ ጎደል እኩል ይመዘግባቸዋል። ሞፈር የያዘ እጅ፣ ወፍጮ ላይ የተደፋ ጀርባ፣ የሚናጥ ቅል፣ እያንዳንዱ ለመሣሪያው የየራሱ እንቆቅልሽ ነው። የመሣሪያው ሰባት ቀንም እንደ መጠይቁ ሰባት ቀን ያው ሰባት ቀን ነው። የዩኬ ባዮባንክ ተሳታፊዎች ከተጋበዙት መካከል አምስት ከመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸው፣ ከመሣሪያው በኋላ ያለው የክትትል ጊዜም ገና አጭር መሆኑ፣ ያልታወቀ ሕመም አስቀድሞ እንቅስቃሴን የመቀነሱን ጥርጣሬ ሙሉ በሙሉ አያስወግዱትም። የ26 ከመቶውን ውጤት ከ2016ቱ ቁጥሮች ጎን አቁሞ «መሣሪያው እውነቱን አወጣው» ማለትም አይቻልም፤ የተነጻጸሩት ቡድኖችም የካንሰሮቹም አመዳደብ አንድ አይደሉም።

እንግዲህ በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ወራት የሚሠራ የማስተርስ ተማሪ ምን ያድርግ? «አቅም የለም» የሚለው መልስ ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ሰበብ ነው። ለአራት መቶ ተሳታፊዎች መሣሪያ መግዛት አይቻልም፤ ከአራት መቶዎቹ አርባውን ወይም ስድሳውን መርጦ በጥቂት መሣሪያዎች በየተራ መለካት ግን ትምህርት ክፍሎች በጋራ ቢያቅዱት የሚቻል ነው። ከዚያ የሚገኘው ማደብዘዣ ለአንድ ተማሪ ብቻ ሳይሆን በዚያ አካባቢ ለሚሠሩ ሁሉ ያገለግላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ መጠይቅን በሌላ መጠይቅ ወይም በራስ በሚሞላ ማስታወሻ ማረጋገጥ አይበቃም። አንዱን የሚያጋንን ሰው ሌላውንም ያጋንናል፤ ሁለቱ ስሕተቶች ተያይዘው ስለሚሄዱ መጠይቁ ከሆነው የተሻለ መስሎ ይታያል።

ይህም ካልተቻለ ስሕተቱ ይህን ያህል ቢሆን ውጤቱ ምን ይሆናል ብሎ ማስላት ከአንድ ከሰዓት በኋላ የበለጠ ጊዜ አይወስድም። አንድ ጥናት ኦድስ ሬሾ 0.80፣ የመተማመኛ ወሰን ከ0.60 እስከ 1.07 አገኘ እንበል። ማደብዘዣው 0.5 ቢሆን የታረመው 0.64፣ ወሰኑም ከ0.36 እስከ 1.14 ይሆናል፤ 0.3 ቢሆን 0.48፣ ወሰኑ ከ0.18 እስከ 1.25። በዚህ ስሌት ግምቱ ከአንድ ይርቃል፤ ወሰኑም አብሮት ይሰፋል፤ አንድን ማቋረጡን ግን አይተውም። እርማት ያልተገኘን ማስረጃ አይፈጥርም፤ ምን ያህል እንደማይታወቅ ነው የሚያሳየው። ከ0.18 እስከ 1.25 የሚዘረጋ ወሰን ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ፣ «ዝምድና የለም» የሚለው መደምደሚያ ድፍረቱ ለፈታኙም ለተፈታኙም ግልጽ ይሆናል። ስሌቱ ስሕተቱ ከበሽታው ነጻ ነው ብሎ የሚነሣ መሆኑም ከሠንጠረዡ ሥር በአንድ መስመር መጻፍ አለበት።

ከሁሉ በፊት ግን ጥያቄው ራሱ ሊታረም ይችላል። የሽሮ ሜዳዋ እናት ደቂቃ ቆጥረው አያውቁም። በሳምንቱ ስንት ሸክም እንዳወረዱ፣ ከየትኛው የእንጦጦ ጥግ እንዳመጡት፣ የትኛው ቀን በበዓል ምክንያት እንዳለፈ፣ አንዱ ሸክም በስንት ብር እንደተሸጠ ግን አንድ በአንድ ይናገራሉ፤ ኑሯቸው በዚያ ላይ የቆመ ነውና። መንገዱ በእግር ሊለካ፣ ሸክሙ በሚዛን ሊመዘን፣ ቀኑ በቀን መቁጠሪያ ሊመሳከር ይችላል። ያንን ወደ ደቂቃና ወደ ሜት መለወጥ የተመራማሪው ሥራ ነው፤ እስካሁን ሥራው ለተጠያቂዋ ሲተው ቆይቷል።